ሁለት ፊደል በአንድ ቤት

በነቀምቴ ከተማ አማርኛ አስተምር በነበርኩባቸው ዓመታት አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ተማሪዎቼ ከ1ኛ ክፍል ጀምረው በአፋን ኦሮሞ የተማሩ፣ ንባብንም በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ አጻጻፍ፣ የጀመሩ ልጆች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከአማርኛ ትምህርት ጋር የሚገናኙት 5ኛ ክፍል ሲደርሱ ነበር። ሒሳብና ሳይንስ በቋንቋቸው ሲጠየቁ እጃቸውን ለማውጣት የሚሽቀዳደሙት ልጆች የአማርኛው መጽሐፍ ሲገለጥ ድምፃቸው ይሰልላል። ፊደሉን ለይተው ያውቁታል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ አንድም ሳይስቱ ይወርዱታል። ዓረፍተ ነገሩ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየተጠጣ የሚሰጠው ምክንያት ሁለት ነበር፤ ወይ ስንፍና፣ ወይ ለቋንቋው ፍቅር ማጣት። አንዱም አልዋጥልኝ አለ። ልጆቹ የሚቆሙበት ቦታ የዘፈቀደ አልነበረም፤ የተለያዩ ልጆች፣ በተለያየ ዓመት፣ እዚያው ቃል ላይ ነው የሚቆሙት። ስንፍና እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም።

ይህን ጥያቄ ይዤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ፣ ሥነ ልሳን ትምህርት ክፍል ለሁለተኛ ዲግሪ ገባሁ። ዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ካቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲህ መሆኑ ነው፣ ሩብ ምዕት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ግቢው የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። በቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ነበር። የንጉሡን መኝታ ቤት ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎችና ስለ ግዕዝ ጽሑፍ ሊያነቡ የሚመጡ ተማሪዎች በአንድ በር ይገቡ ነበር። ማታ ከመንገዱ ማዶ ከአንበሳ ግቢ አንበሶች ሲያገሡ መኝታ ክፍላችን ድረስ ይሰማ ነበር። ከወለጋ ለመጣ ሰው መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል፤ እየቆየ ግን የሰዓት ምልክት ይሆናል። ሲያገሡ መጽሐፌን አጥፌ የምተኛበት ጊዜ ነበር።

የክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ላይ የቆየ አለ፤ በሬዲዮ ጣቢያ በቋንቋው ዜና ያነብ የነበረ አለ። ከሁሉም የማልረሳው ግን ከጎጃም የመጣውን ነው። ቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ፣ ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ያለፈ፣ ቅኔ የቆጠረ ሰው ነበር። ሁላችንም “የኔታ” እንለው ነበር፤ በአክብሮት ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ትልቁ ሥራ ጆሮ ማቅናት ነበር። መምህራችን በየትኛውም ቋንቋ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ያነቡልናል፤ እኛ በዓለም አቀፉ የድምፅ ጽሕፈት እንጽፋለን። ትርጉም የሌለው ቃል ሲሰማ ሰው የሚሰማውን ሳይሆን የለመደውን ይጽፋል። እኔ ከእናቴ ቋንቋ ውጭ ያለውን አናባቢ ሁሉ ወደ አማርኛው ሰባት አናባቢ እጎትተው ነበር። ኦሮምኛ አፍ የፈታበት አንድ ከወለጋ የመጣ ጓደኛችን ደግሞ ርዝመቱን ሳይሳሳት ይይዛል። ኦሮምኛ አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢ አለው፤ ርዝመት ቃልን ከቃል ይለያል። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የማንሰማውን እሱ ከጡት ጋር ጠብቶታል። በአንጻሩ “እ” የሚለው አናባቢ ሲመጣ ወደ “ኢ” ያስጠጋዋል፤ በቋንቋው የለማ።

የኔታ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። መምህራችን አንድ ቀን ምክንያቱን ጠየቁት። እሱም ስለ ንባብ ቤት አጫወተን። ግዕዝ ሲነበብ ቃሉ ተነሽ ነው፣ ወዳቂ ነው፣ ተጣይ ነው፣ ሰያፍ ነው እየተባለ ይለያል። ይህ ሁሉ ብራናው ላይ አልተጻፈም። የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላም አልተጻፈም። የሚያውቁት መምህሩ ናቸው፤ ተማሪው ሲስት ካለበት ያስቆሙታል፣ ራሳቸው ያሰሙታል፣ እስኪያቀናው ድረስ ያስደግሙታል። ስለዚህ ልጁ የሚያድገው ዓይኑ ከመጽሐፉ፣ ጆሮው ከመምህሩ አፍ ሳይለይ ነው። ይህን ሲናገር እስክሪብቶዬን አስቀምጬ አዳመጥኩት። ለነቀምቴው ጥያቄዬ የመጀመሪያውን ፍንጭ ያገኘሁት ከዚያ ነው፣ ምንም እንኳ መልሱን ለመጨበጥ ሌላ ዓመት ቢፈጅብኝም።

ከንድፈ ሐሳቡ ትምህርት ይልቅ ልቤን የያዘው የመስክ ጥናት ስልት የሚባለው ኮርስ ነው። በዚያ ኮርስ ማናችንም የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገር አንድ ሰው ክፍል ይመጣል፤ እኛ እየጠየቅን፣ እየጻፍን፣ የቋንቋውን ሰዋስው ከምንም ተነሥተን እንገነባለን። ለእኛ የመጡት የዶርዜ ሰው፣ ሸማኔ ነበሩ። ሽሮ ሜዳ ከግቢያችን ሽቅብ ጥቂት መንገድ ነው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ቀስ ብለው ይገቡና “እንደምን አደራችሁ ልጆቼ” ይሉናል። እኛም “እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ” ብለን ተነሥተን እንቀበላቸዋለን።

መጀመሪያ የተለመደውን የቃላት ዝርዝር ይዘን ዓይን፣ ጆሮ፣ ውኃ፣ እሳት እያልን ጠየቅናቸው። ቁጥር ላይ ስንደርስ ክፍሉ ተነቃቃ። ከአንድ እስከ አምስት ያሉት ቁጥሮች እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉት ግን መጨረሻቸው ገጠመብን፤ ሰባት “ላፑን”፣ ስምንት “ሆስፑን” እያለ ይሄዳል። አስር ሲደርስ ደግሞ መልኩ ይቀየራል። አንዷ ጓደኛችን ጣቷን እያጠፈች ቆየችና፣ ድሮ ቁጥሩ በአንድ እጅ ጣቶች አምስት ላይ አልቆ፣ ከዚያ በላይ ያለው በቅጥያ የተሠራ ሳይሆን አይቀርም አለች። መምህራችን አዎ ወይም አይደለም አላሉም። “እንግዲህ የጎረቤቶቹን ቋንቋዎች እዩ” ብቻ አሉ። በማግሥቱ የወላይታውን ስናይ ያው ጭራ አለ። በዚያ ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የወጣን አይመስለኝም። ሁለቱ ቋንቋዎች ስለሚመደቡበት ስለ ኦሞቲክ ቤተሰብ የተጻፈውን ሁሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውንና “ላንጉዌጅ ኢን ኢትዮጵያ” የተባለውን ወፍራም መጽሐፍ ጨምሮ፣ በተራ ተበዳደርን።

ነገር ግን ትልቁን ያገኘነው የቃላት ዝርዝሩን ስንዘጋው ነው። አንድ ጧት ስለ ሥራቸው እንዲያጫውቱን ጠየቅናቸው። ስለ ድርና ማግ፣ ስለ መወርወሪያው፣ ስለ ጥበቡ አጣጣል በቋንቋቸው መናገር ሲጀምሩ ሌላ ሰው ሆኑ። ቀድሞ ቃል በቃል ሲጠየቁ ድምፃቸው አንድ ወጥ ነበር፤ አሁን ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይሮጣል። ድምፅ መነሣትና መውደቁ በዚያ ቋንቋ ቃል የሚለይ መሆኑን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ሲጨርሱ ሻይ አቀረብንላቸው። ስኒውን እንደያዙ፣ “እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ስናገር ይሰሙኛል እንጂ በአማርኛ ነው የሚመልሱልኝ” አሉን። ይህን የተናገሩት ለማማረር አልነበረም። እኛ ግን የቋንቋ መሞት የሚለውን ምዕራፍ ገና በዚያው ሳምንት ያነበብን ነን። ስለ ቅማንትኛ፣ በደቡብ ኦሞ ስለ ኦንጎታ የተጻፈውን ይዘን ነበር የምንሄደው። ከአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጀምር ግን መጽሐፎቹ እንደ ጋሼ አላሳዩንም።

በሁለተኛው ሴሚስተር ከሌላ ትምህርት ክፍል የቋንቋ ማስተማር ኮርሶች ወሰድኩ። እዚህ ላይ ያየሁትን ሳልናገር አላልፍም። ሥነ ልሳን የሚያጠኑትና ቋንቋ ማስተማርን የሚያጠኑት በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ፎቅ እየዋሉ እምብዛም አይገናኙም። በወዲያኛው ክፍል ልጁ አለ፤ እንዴት እንደሚማር፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ በቡድን ሥራ እንዴት አፉ እንደሚፈታ ይወራል፤ የሚማረው ቋንቋ ግን ራሱ አይታይም። በእኛ ክፍል ደግሞ ቋንቋው ከነአጥንቱ ተዘርግቷል፤ ልጁ የለም። ሁለቱን ያገናኙልኝ ሦስት አሮጌ ጽሑፎች ናቸው፤ ሁሉም በፎቶ ኮፒ፣ ጠርዛቸው እስኪነትብ የተነበቡ። ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 የተማሪውን አፍ መፍቻና የሚማረውን ቋንቋ ጎን ለጎን አድርገን እናወዳድር፣ የሚከብደውን ቀድመን እናውቃለን አለ። ፒት ኮርደር በ1967 የተማሪ ስሕተት የሚጠፋ ቆሻሻ ሳይሆን ልጁ በውስጡ እየሠራው ላለው ሥርዓት ማስረጃ ነው ብሎ ጻፈ። ላሪ ሴሊንከር በ1972 ለዚያ ሥርዓት ስም ሰጠው፤ ከአፍ መፍቻውም ከሚማረውም ቋንቋ የተለየ፣ በመካከል ያለ ቋንቋ ነው አለ። የነቀምቴ ተማሪዎቼ “ቤት ትልቅ” እያሉ የሚጽፉት ለምን እንደሆነ በሥርዓት ያስረዳኝ ይህ ነው። በኦሮምኛ ቅጽሉ ከስሙ ይከተላል፤ ቤቱ ይቀድማል፣ ትልቅነቱ ይከተላል። ልጁ የራሱን ሰዋስው አክብሮ ነው የጻፈው።

ንባቡ ግን ከዚህ የጠለቀ ሆነ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለሱ እንዲሆን ወሰንኩ፤ ሁለት አማካሪ ጠየቅሁ፣ አንድ ከዚህ አንድ ከዚያ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ቁቤ በላቲን ፊደል የሚጻፍ፣ በ1984 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ላይ የዋለ የኦሮምኛ አጻጻፍ ነው። በቁቤ አብዛኛው ተነባቢ ከጠበቀ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አናባቢ ከረዘመም ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በእኛ ፊደል ጥብቀት አይጻፍም። ሳድሱም እንዲሁ፤ አናባቢ ይኑረው አይኑረው ቅርጹ አይናገርም። “በሬው ይበላል” የሚለውን ጻፉና ለሁለት ሰዎች ስጡ፤ አንዱ በሬውን ሣር ያስግጠዋል፣ ሌላው ያርደዋል። እኛ ይህን ሳንቸገር የምናነበው ቃሉን ከእናታችን ስለሰማነው፣ ዓረፍተ ነገሩም ስለሚመራን ነው። የግዕዝ ተማሪው ቃሉን ከእናቱ ባይሰማ መምህሩ አጠገቡ አሉለት። በቁቤ ያደገው የ5ኛ ክፍል ልጅ ግን አማርኛውን ከእናቱ አልሰማም፤ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍልም የጆሮ መምህር የለውም። ከአራት ዓመት ትምህርቱ የያዘው እምነት ደግሞ ጥብቀት ሁልጊዜ ይጻፋል የሚል መሰለኝ። የኔታ የነገረን ነገርና የነቀምቴው ጥያቄ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ መቅረፀ ድምፅ፣ ባትሪ፣ ባዶ ካሴትና የምንባብ ወረቀቶቼን ይዤ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ በጧት ተሳፈርኩ። አምቦን፣ ጌዶን፣ ባኮን አልፈን ነቀምቴ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ወረቀቶቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ በቁቤ የተጻፈ አጭር ተረት፤ ሁለተኛው በተለመደው ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ተረት፤ ሦስተኛው ከሱ ጋር በርዝመትና በክብደት የሚተካከል ሌላ የአማርኛ ተረት ሆኖ፣ በሚጠብቀው ፊደል ሁሉ ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ያለበት። ነጥቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ አንዳንድ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሲሠሩበት የኖረ ምልክት ነው። በኮምፒዩተሩ ፊደል ማውጣት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ካተምኩት በኋላ በቀጭን ጥቁር ብዕር አንድ በአንድ በእጄ ነጠብኩት።

ነቀምቴ የጽሑፍ ታሪክ ያላት ከተማ ናት። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም በግዕዝ ፊደል ነበር። ኦነሲሞስ በኋላ ነቀምቴ ኖረው፣ እዚያው አረፉ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ለሁሉም የተጠቀመው ያንኑ ፊደል ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል የሚያነብ አንድ ሙሉ ትውልድ አለ፤ ልጆቹ ደግሞ ያንኑ ቋንቋ በቁቤ ያነባሉ። ይህን አውቀው ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ከተማሪዎቹ የአንዱን አባት ፈቃድ ለመጠየቅ ቤታቸው በሄድኩ ቀን ነው።

አባትየው ገበሬ ናቸው። ገበያ ላይ በለቀምኩት ኦሮምኛ ስሜንና ሥራዬን ተናገርኩ። እሳቸውም፣ “ግቢ መምህርት፣ ተቀመጪ” ብለው ወንበር አቀረቡልኝ። ኦቦ እያልኩ ጥያቄዬን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ከሰሙ በኋላ ከሣጥን ውስጥ ሁለት ነገር አወጡ። አንደኛው የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸው ነው። ሁለተኛው ሌላ ከተማ ተቀጥሮ የሚሠራው የበኩር ልጃቸው በቁቤ የጻፈላቸው ደብዳቤ ነው። “ማንበብ እችላለሁ፤ ይኸው ወረቀቱ ይመሰክራል” አሉ። “ልጄም የሚጽፍልኝ በቋንቋዬ ነው። ግን ታናሹ ካላነበበልኝ ምን እንዳለኝ አላውቅም። አንዳንዱን ነገር ደግሞ ልጁ ለእኔ ብቻ ሊለው ይፈልግ ይሆናል።” ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ፈቃዱን ሰጡኝ፤ ቡናም ሳልጠጣ አልሄድኩም። በዚያ ቤት ሁለት ማንበብ የሚችሉ ሰዎች፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል አለ። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለው ክርክር ያን ቀን ከልቤ ወጣ። ቁቤን የመረጡት ሰዎች ምክንያት ነበራቸው፤ የቋንቋው ርዝመትና ጥብቀት በጽሑፍ ይታይ ብለው ነው። አባትየውም የተማሩት ፊደል ዓይናቸውን አብርቶላቸዋል። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚያሻግር ትምህርት ነው።

ንባቡን የቀዳሁት በትምህርት ቤቱ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ልጆቹ አንድ በአንድ ይገባሉ። የቁቤውን ተረት እንደ ምንጭ ውኃ ያፈሱታል። ወደ አማርኛው ሲዞሩ ያ የማውቀው መቆም ይጀምራል። አሁን ግን የት እንደሚቆሙ ምልክት እያደረግሁ ነው፤ አብዛኛው ወይ የሚጠብቅ ፊደል ላይ፣ ወይ ተከታትለው የመጡ ሳድሶች ላይ ነው። አንዲት ልጅ “ይበላል” ላይ ስትደርስ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ ቀና አለችና፣ “ቲቸር፣ ይሄ አንድ ‘በ’ ነው ሁለት ‘በ’?” አለችኝ። ከዚያ የተሻለ ጥያቄ በሁለት ዓመት ትምህርቴ ውስጥ አልሰማሁም። ልጅቱ ፊደሉ የደበቀውን ነገር በትክክል አውቃለች፤ የት እንዳለ ነው የጠፋባት።

ነጥብ ያለበትን ምንባብ ከመስጠቴ በፊት ለእያንዳንዳቸው በኦሮምኛ፣ “ሁለት ነጥብ ካየህ ፊደሉ ሁለት ጊዜ እንደተጻፈ ቁጠረው” እላለሁ። አንዳንዱ ልጅ ወዲያው ተቃና። አንዳንዱ ነጥቡን አዲስ ፊደል መስሎት ከቀድሞውም ይልቅ ዘገየ፤ ይህንንም እንዳለ ጻፍኩት። የአባትየው ልጅ ተራው ሲደርስ ግን ማስረዳቴን አላስጨረሰኝም። ነጥቡን አይቶ፣ ነጥብ የሌለበትንም ወረቀት መልሶ አየና፣ “እንደ ቁቤ ዳቻ ነው” አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። በቁቤ ውስጥ በሁለት የላቲን ፊደሎች ጥምረት የሚጻፉ ጥቂት ድምፆች አሉ፤ “ሸ” እና “ቸ”ን የመሰሉ። እነዚህ ጥንዶች ቁቤ ዳቻ ይባላሉ። ሌላው ተነባቢ ሲጠብቅ ይደገማል፤ እነዚህ ግን ቢጠብቁም አይደገሙም። ልጁ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ያነባቸዋል፤ ጥብቀታቸውን ግን ወረቀቱ ሳይነግረው ከቃሉ ያውቃል። ስለዚህ ያልተጻፈ ጥብቀትን ማንበብ ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። በራሱ ጽሑፍ ውስጥ፣ በጥቂት ፊደሎች ላይ ሲሠራው የኖረ ነው። የአማርኛ ፊደል ለእሱ ሁሉም እንደ ዳቻ የሆነበት ጽሑፍ ነው። “ማን ነገረህ?” አልኩት። “ማንም” አለ፤ ትከሻውንም ነቀነቀ።

የመመረቂያ ጽሑፌ ልብ ይህ የልጁ አነጋገር ነው። አማካሪዎቼን ስላስነበቡኝ ጽሑፎች ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ማስተማሪያውን ከየት መጀመር እንዳለብን ያሳየን እሱ ነው። መምህሩ ፊደል ገበታውን ከመስቀሉ በፊት በልጆቹ ቋንቋ የዳቻ ቃላትን ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ልጆቹ ሲያነቡ የሚጠብቀውን ይጠይቃቸው፤ ያልተጻፈውን እንዳነበቡ ራሳቸው ይስሙ። ከዚያ ወደ ፊደል ይሻገር። ነጥቡ ለጥቂት ወራት ይርዳቸው፣ ከዚያ እየተቀነሰ ይጥፋ። ይህን ለማድረግ ግን መምህሩ የልጆቹን ቋንቋና ጽሕፈት ማወቅ አለበት። አማርኛ ለማስተማር አማርኛ ማወቅ አይበቃም ብዬ የምከራከረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ የቀረው የወንበር ሥራ ነበር። ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ገልብጬ “ፕራት” በሚባለው፣ አምስተርዳም ውስጥ ሁለት ምሁራን በሠሩት ነፃ ፕሮግራም ድምፁን ወደ ሥዕል እቀይረዋለሁ። አየር የሚዘጋ ተነባቢ ሲጠብቅ ሥዕሉ ላይ ዝምታው ይረዝማል፤ አየሩ ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በዓይን ይለካል። ጽሑፉን በፓወር ግዕዝ፣ የድምፅ ምልክቶቹን በሌላ ፊደል መተየብ ነበረብኝ፤ ሁለቱ እየተጣሉ ገጹ ይበላሽ ነበር። የፕሮፌሰር ባዬ ይማም “የአማርኛ ሰዋስው” ዘወትር ከጠረጴዛዬ አይነሣም። ምዕላድና ሐረግ የሚሉትን ቃላት በአማርኛ ለመጻፍ ድፍረት የሰጠኝ ያ መጽሐፍ ነው።

የመከላከያው ቀን ሰኔ ላይ ነበር። ከፈታኞቹ አንዱ ጽሑፌን በጥንቃቄ ያነበቡ ሰው ናቸው። ብዙ ከጠየቁኝ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁና፣ “ይህ ሥራ የሥነ ልሳን ነው ወይስ የቋንቋ ማስተማር?” አሉኝ። ጥያቄው ቅን ነበር፤ ዲግሪው የሚሰጠው በአንዱ ስም ነው። እኔም፣ የልጅቱን “አንድ ‘በ’ ነው ሁለት ‘በ’?” የሚለውን ጥያቄ ካሴቱ ላይ አሰማኋቸውና፣ ይህን ለመመለስ የጥብቀትን ሥርዓት ማወቅም፣ ልጅቱን ማወቅም ያስፈልጋል፤ የትኛውን ልተወው አልኳቸው። ተመልሼ እንድመጣ አላሉኝም፤ ጥቂት እርማት ሰጥተው አሳለፉኝ። የኔታ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። ስንወጣ እጄን ጨብጦ፣ የእኔ መምህር ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር አለኝ።

ከዚያ በኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ገባሁ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። ሠልጣኞቼ አማርኛ ሊያስተምሩ የሚወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ቁቤ ማንበብ ሳይችል ከእጄ የሚወጣ የለም። ድሮ በእጄ የነጠብኩትን ምልክት አሁን ኮምፒዩተሩ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 4.1ኛው የዩኒኮድ ዝርዝር የጥብቀት ምልክቱን ከፊደሉ ጋር መድቦታል። ስለዚህ ለ5ኛ ክፍል ንባብ ባለ ነጥብ ጽሑፍ ማዘጋጀት የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ እኛም ለልምምድ ትምህርታችን እያዘጋጀን እንሠራበታለን።

ባለፈው ዓመት ግን ከጊምቢ የመጣ አንድ ሠልጣኝ ያላሰብኩትን አነሣብኝ። “መምህርት፣ ከቁቤ ወደ ፊደል ያለውን መንገድ ሠርተሻል። ከፊደል ወደ ቁቤስ? አባቴ የሚያነበው ፊደል ነው” አለ። ሣጥን ከፍተው ደብዳቤውን ያሳዩኝን ሰው ታሪክ ነገርኩትና በዚያው ሳምንት ሥራውን ጀመርን። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ማንበብ ለተማሩ ጎልማሶች የሚሆን ቀጭን መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ አናባቢ ርዝመት እንዲሆን ተስማምተናል፤ እነሱ ያነቡት በነበረው ፊደል እሱ ስላልነበረ። ጥብቀት በሁለተኛው ምዕራፍ ይመጣል፤ ቁቤ ዳቻ በሦስተኛው። ረቂቁን በመጪው ክረምት፣ እርሻ ከመጠንከሩ በፊት፣ ጊምቢ አካባቢ ባሉ አባቶችና እናቶች ፊት እንሞክረዋለን።